ለማሽን ፍጥነት የተሳልሁት ጃንጥላ

ልጄ ቤት መኖሩን የማውቀው በማራገቢያው ድምፅ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዤ የሽሮ አተር ስለቅም፣ እሱ ከጓዳ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲሠራ፣ የማሽኑ ማራገቢያ እንደ ንብ ቀፎ እም ይላል። ከባድ ሥራ ሲሰጠው ያጓራል። ያን ጊዜ ሆዴ ይረጋል። ድምፁ ጠፋ ሲል ግን እጄ ሰፌዱ ላይ ይቆማል፤ ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ። አንገቱን ደፍቶ ሳገኘው፣ ምንም እንዳልፈለገ ሰው ተመልሼ እቀመጣለሁ።

"እማዬ፣ ምነው ትጠብቂኛለሽ? ጥጃ ነኝ?" ይለኛል ከውስጥ።

"ጥጃማ በገመድ ይታሰራል፤ አንተ በምን ትታሰራለህ?" እለዋለሁ።

የምንኖር አዘዞ ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ። በእነዚህ ዓመታት ጎረምሳ ያላት እናት ሁሉ ጆሮዋ በር ላይ ውሏል። ተኩስ ሲሰማ ሰዉ በሩን ይዘጋል፤ ሲበርድ ሱቁን ይከፍታል፤ "በየት በኩል ነበር?" ተባብሎ ወደ ገበያው ይሄዳል። እኔ ግን መፍራት የጀመርሁት ከዚያ በፊት ነው። ባለቤቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር። ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ፍሬን እንቢ ብሎት ከገደል ገባ። ልጃችን ያን ጊዜ ገና ፊደል ይቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚባል ነገር ለእኔ ጠላት ነው። ልጄ ጠዳ ድረስ እንኳ ደርሶ እስኪመለስ እህል በአፌ አይዞርም።

እኔ የተማርሁት ጥቂት ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለየሁ፣ ከዚያ በራሴ ትንሽ ገፋሁ። ይኸንም የምጽፈው እንደምናገረው ነው። ልጄ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተመረቀ፣ ሥራ አጣ። ሥራ ሲያጣ ሌላው ልጅ ጎዳና ላይ ሲቆም እሱ ጓዳ ገብቶ በኢንተርኔት የሆነ ሥራ አገኘ። ደመወዝ እንደሌለው የሰማሁት ቆይቼ ነው።

"ደመወዝ ከሌለው ምን ያተርፍልሃል?"

"ስም፣ እማዬ።"

"ስምማ አባትህ ሰጥቶሃል።"

ሳቀና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። ሥራውን ያን ቀን አስረዳኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰር የሚባል አለ፤ የሚያስበው እሱ ነው። ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ቢሮጥ ይግላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ሁልጊዜ ቢያዘግም ደግሞ ሥራ አይወጣለትም። ስለዚህ ከሁሉም በታች፣ ከርነል በሚሉት የማሽኑ እምብርት ውስጥ፣ ሥራ ሲበዛ ፍጥነቱን የሚጨምር፣ ሲቀል የሚቀንስ ጽሑፍ አለ።

"ማርሽ በለኛ" አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ከባለቤቴ ጋር ጋቢና ተቀምጬ ብዙ ሄጃለሁ። ዳገት ሲመጣ ክንዱ ወደ ማርሹ ሲሄድ፣ ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀለል ሲል አውቀዋለሁ።

"ልክ ነው። ማርሽ ነው" አለ ልጄ። "ማርሹን መቼ እንደሚለውጥ የሚወስነው ደግሞ ገዥ ይባላል።"

"ኮምፒውተርም አገረ ገዥ ተሾመበት?"

"ተሾመበት። ይኸኛው ግን አቤቱታ ይሰማል።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራውን ማርሽ እያልን ጠራነው። "ማርሹ እንዴት አደረ?" እለዋለሁ ጧት። "ሸጋ አድሯል" ይለኛል።

አንድ ቀን ደግሞ ግራ ገባኝና ጠየቅሁት። "ማርሹ ከጥንትም ካለ፣ አንተ ምኑን ነው የምትሠራ?"

"አዲስ ነገር አልሠራም" አለኝ። "ማሽን የሚያወጡ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየማሽናቸው ማርሹን የሚያዝዘውን ጽሑፍ ጻፉ። ግማሹ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ከሌላው ቀድቶታል። ስሕተት ተገኝቶ አንዱ ጋ ሲታረም፣ ያው ስሕተት ሌላው ጋ ተኝቶ ይቀራል። እኔ ሁሉም የሚጋራውን አውጥቼ አንድ ቦታ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ሁሉም ከዚያው ይወስዳል።"

"እንደ እድር ዕቃ።"

ዱሮ ለቅሶ ሲደርስ ድስቱን ከዚህ ቤት፣ ሳፋውን ከዚያ ቤት እንለምን ነበር። የአንዷ ድስት ቀዳዳ፣ የሌላዋ ክዳን የለው። ኋላ እድሩ ሁሉንም ገዝቶ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠ። ድንኳኑ ቢቀደድ አንዴ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ የደረሰበት ሁሉ ያልተቀደደ ድንኳን ያገኛል።

"እንደሱ ነው" አለኝ። "በቃ፣ የእድር ዕቃ ጠባቂ ነኝ።"

"ሲያልቅስ ምን ይለወጣል?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ምንም ካልተለወጠ ነው ልክ የሆነው። ማሽኑን የሚጠቀመው ሰው እጅ እንደገባበት እንኳ ማወቅ የለበትም።"

እንዲህ ያለ ሥራ የማውቀው የቤት ሥራን ብቻ ነው። ሲጠረግ አይታይ፣ ሳይጠረግ ይታይ። እንግዲህ ልጄ በስተመጨረሻ የእኔን ሙያ ወሰደ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ሥራውን ዝም ብሎ ወስዶ አያስገባም። ጽሑፉን በትንሽ በትንሹ ቆራርጦ ይልከዋል። ከባሕር ማዶ ያሉ፣ ያን ክፍል የሚጠብቁ ሰዎች ቁራጩን አንድ በአንድ ያያሉ፣ ይነቅፋሉ፣ ይመልሳሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን መቆም አለበት፤ ሥራው መካከል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ማሽኑ እስካለበት ድረስ በደህና መሄድ አለበት። ልጄ የሚጽፉለትን እየተረጎመ ያነብልኛል። እኔ አተሬን እለቅማለሁ። እንደ ሬዲዮ ነበር።

አንድ ቀን እያነበበ ሳለ የባለቤቴን ስም ጠራ።

ሰፌዱ ከጭኔ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ማን አልህ?"

"እኔን ነው። ፈረንጆች ከኋላ ያለውን ስም ነው የሚጠሩ። የእኔ ስም እሱ ይመስላቸዋል።" ፊቴን አይቶ ደነገጠ። "ልንገራቸው? የእኔ የፊተኛው ነው ብዬ ልጻፍላቸው?"

በቤታችን ያ ስም ከተጠራ ዘመን ሆኖታል። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ማንም ጮክ ብሎ አላነሣውም። አሁን ከባሕር ማዶ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው፣ "ሰላም እገሌ፣ ደህና ሠርተሃል፣ ይኸችን ብቻ አስተካክል" እያሉ ይጠሩታል።

"ተዋቸው፤ ይጥሩት" አልሁት።

ከጠባቂዎቹ አንዱን አለቃ ብለን ሰየምነው። ኃይለኛ ነው። ልጄ አንድ ቀን ፊቱ ጠቁሮ ወጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

"አለቃው መለሰብኝ።"

"ምን አደረግህ?"

"አንድ አሮጌ ማሽን አለ። ማርሽ ከመለወጡ በፊት ትንሽ እንዲቆይ የምታደርግ አንዲት መስመር ነበረችው። ሌሎቹ የላቸውም። ትርፍ መስላኝ አወጣኋት። 'መልሳት፤ ያ ማሽን ካላረፈ ይደርቃል' አለኝ። እዚያ ለምን እንዳለች ግን ማንም አልጻፈም፣ እማዬ! በምን ላውቅ?"

የእድራችን ትልቁ ድስት አንድ እጀታው ልል ነው። የምናውቀው በጨርቅ ጠቅልለን ከሥር እንይዘዋለን። አንዲት አዲስ ገቢ ጨርቁ ቆሻሻ መስሏት ፈታችው፤ ወጡ ሁሉ መሬት ፈሰሰ። ነገርሁት። ሳቀ። ከዚያ ገብቶ መስመሯን መለሳት፣ አጠገቧም ለምን እንዳለች ጻፈባት። "ለሚመጣው ሰው" አለኝ።

እንዲህ እያለን ብንኖር እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። ይጠፋል። ቀን ቢጠፋ ይታገሡታል፤ ሳምንት ይጠፋል፣ ወር ይጠፋል። ሲጠፋ ልጄ እንደታሰረ በሬ ይንቆራጠጣል። የሚሠራውን እዚሁ ይሠራል፤ መላክ ግን አይችልም። አለቃው 'ዝም ያለው ንቆኝ ነው' እንዳይለው ይፈራል። አንድ ጧት፣ ከተማው መሀል አንድ ሆቴል መስመር አለው የሚል ወሬ ሰማ። ኮምፒውተሩን ቦርሳ ውስጥ ከተተ።

"የት ነው?"

"ፒያሳ ደርሼ ልኬ እመጣለሁ።"

"ዛሬ ይቅር፣ ልጄ። ነገ ትልካለህ።"

"ነገም ዛሬ ነው፣ እማዬ።"

ሄደ። ከቀትር በኋላ ተኩስ ተሰማ። ከየት በኩል እንደሆነ መለየት አልቻልሁም፤ ከሁሉም በኩል መሰለኝ። ባጃጅ ቆመ፣ ሚኒባስ ቆመ። ስልኩም የለም። ከበራችን ደጅ ወጥቼ ቆምሁ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ጡረተኛ፣ አያ የምንላቸው፣ በርጩማቸውን አውጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በዚያ ሰዓት ደጅ መቀመጥ እንደማይገባ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

"አያ፣ ግቡ እንጂ።"

"እኔን ማን ይፈልገኛል? ጥይትም ሽማግሌ አይወድ። ይልቅ ልጅሽ ያቺን ኮምፒውተር አገባትሳ! ሙሽሪቱን ይዞ ነው የወጣ?"

"አያ፣ አሁን ይቀለዳል?"

"አሁን ካልተቀለደ መቼ ይቀለዳል? ይመጣል። ሰው ሚስቱን ይዞ ብዙ ርቆ አይሄድም።"

ሲመሽ መጣ። በእግሩ ነው የመጣ፣ ከመሀል ከተማ አዘዞ ድረስ፣ በጓሮ በጓሮ። ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎታል። አያ ተነሡና በርጩማቸውን አንሥተው ገቡ። እኔ ልመታው እጄን አነሣሁ፤ እጄ ሄዶ አንገቱን አቀፈው።

"ተላከ?" አልሁት።

"ተላከ።"

በማግሥቱ ጧት ገብርኤል ሄድሁ፣ ከሰፈራችን በላይ ካለው። ካህን አላስጠራሁም። ከግንቡ ሥር ተንበርክኬ ተሳልሁ። ስለት ስትሳል የምትፈልገውን ጥርት አድርገህ መናገር ነው፤ እናቴ እንዲህ ነበር ያስተማረችኝ። እኔም ጥርት አድርጌ ተናገርሁ። "ገብርኤል ሆይ፣ ይኸን የማርሽ ሥራውን ፈረንጆቹ ይቀበሉለት። ከዚያ ልጄ ሥራው ቤቱ ድረስ ይምጣለት፤ እሱ ከቤት አይውጣብኝ። ይኸን ብታደርግልኝ ለታኅሣሥ ክብረ በዓልህ ጥልፍ ጃንጥላ አስገባለሁ።" ልጄ ደጋግሞ ነግሮኝ ነበራ! ሥራውን ከተቀበሉት ስሙ ይታወቃል፤ ስሙ ሲታወቅ ድርጅት ይቀጥረዋል፤ ጓዳው ተቀምጦ ደመወዙን ይበላል። በእኔ ዘንድ ስለቱ አንድ ነገር ነበር።

ኢንተርኔቱ ተመለሰ። አለቃው እንደገና መለሰ፣ ልጄ እንደገና ላከ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከጓዳ ጩኸት ሰማሁ። ሰፌዴን ጥዬ ሮጥሁ።

"ገባ! እማዬ፣ ገባ!"

"ማን ገባ?"

"ሥራዬ! ከዋናው ከርነል ገባ! አለቃው ተቀበለው!" ወገቤን ይዞ አነሣኝ። "በዓለም ላይ ያሉ ማሽኖች ሁሉ አሁን የእኔን ማርሽ ይዘው ነው የሚሄዱ!"

"ምንም ሳይለወጥ?"

"ምንም ሳይለወጥ!"

እልል አልሁ። ጎረቤቱ ሠርግ መስሎት ብቅ ብቅ አለ። አያ በአጥር በኩል "ምንድን ነው? ወለደችለት?" አሉ። ያን ዕለት እንደሳቅሁ መቼ ስቄ እንደማውቅ እንጃ። ማታውኑ ጃንጥላ የምትጠልፍ ሴት ጋ ልኬ አዘዝሁ።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ የውጭ ድርጅት ጻፈለት። ሥራህን አይተናል፣ እንፈልግሃለን አሉት። ልጄ ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ አለ። እነሱም እሺ አሉ፤ በስክሪን ፊት ለፊት ሊያነጋግሩት ቀን ቆረጡ። ቀኑ ሲደርስ መስመሩ ጠፋ። ሲመለስ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላ ቀን ቆረጡለት። ያን ቀን እያነጋገሩት ተቋረጠ። በበሩ በኩል አየው ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ የቆመውን የሰውየውን ምስል እያየ፣ "ሃሎ፣ ሃሎ" ይላል። ሰውየው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል።

ኋላ ደብዳቤያቸውን አነበበልኝ። በአባቱ ስም ጠርተው፣ በክብር ነው የጻፉ። ችሎታህን አንጠራጠርም፤ ነገር ግን ሳምንት የሚጠፋ ሰው ማሠራት አንችልም። ስለዚህ አንተ ወደኛ ና። ቪዛውንም ቤቱንም እኛ እንጨርሳለን።

አንብቦ ኮምፒውተሩን ዘጋው። "አልሄድም" አለኝ።

"ምነው?"

"አንቺን ለማን ትቼ?"

እኔ ያን ጊዜ ተፈተንሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄ ቤቴ መኖሩና በሕይወት መኖሩ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር። በሩን ቀርቅሬ ማራገቢያውን እስከሰማሁ ድረስ ልጄ አለ። ደብዳቤው ሲነበብ ግን ያ ከሰዓት መጣብኝ፤ አያ በርጩማቸው ላይ፣ እኔ ደጅ ቆሜ፣ ተኩሱ ከሁሉም በኩል። መስመሩ ነገም ይጠፋል። ልጄ ነገም ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ያን ጊዜ አላስቀረሁትም፤ ነገም አላስቀረውም።

"ሂድ" አልሁት።

"እማዬ—"

"ሂድ አልሁህ። ቆይተህ ስትጠይቀኝ ሌላ እንዳልመልስልህ አሁኑኑ ጻፍላቸው።"

ጻፈ። እኔ ጓሮ ሄጄ ውኃ የሌለበት ባልዲ አጠብሁ።

አካሄዱም እንደ ሥራው ነበር። ራሱን ከቤቱ በትንሽ በትንሹ አወጣ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ መጀመሪያ ጠገነ። ከዚያ የመብራቱን ክፍያ በስልኬ እንድከፍል አስተማረኝ፤ ስሳሳት ከመጀመሪያው እንደገና ያስጀምረኛል። ውኃ ሲመጣ በርሜሉን የምትሞላልኝ የጎረቤት ልጅ ለመነልኝ። አተሩን ወፍጮ ቤት የሚያደርስልኝ ባለ ጋሪ አነጋገረ። አንዱን ጨርሶ፣ ጥቂት ቀን አይቶ፣ ልክ መሆኑን ሲያረጋግጥ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ባልቦላ ለመቀየር የምቆምበት በርጩማ እንኳ ለእኔ ቁመት እንዲሆን እግሩን አስረዘመው። ያለ እሱ ሁሉም ነገር እንዲሄድ፣ አንድም ነገር እንዳይጎድል አደረገ። ሲሠራ ምስማር አቀብለዋለሁ። ምን እየሠራ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የሄደ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነውና በባጃጅ ሸኘሁት። መንገድ አልሄደብኝም፤ ይኸን እንኳ እንደ በረከት ቆጠርሁት። በሩ ላይ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከአንገቱ ላይ እጄ አልላቀቅ አለ። ወታደሩ "እናቴ፣ ይግባ፣ ይረፍድበታል" አለኝ በለሆሳስ። የሰው ልጅ ነው፤ ፊቱን አዙሮ ነው የተናገረኝ።

ቤቴ ተመለስሁ። ቆርቆሮው አያፈስም። በርሜሉ ሙሉ ነው። መብራቱ ተከፍሏል። ቤቱ እንዳለ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሰፌዴን አነሣሁ፤ አንድ ፍሬ ሳልለቅም መሸ።

ጃንጥላው ከጠላፊዋ መጣ። ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። አልጋዬ ላይ ዘርግቼው ስንት ቀን አየሁት! በኋላ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

"አባቴ፣ ስለቴ ሰምሯል ወይስ አልሰመረም?"

"ምን ብለሽ ተሳልሽ፣ ልጄ?"

ነገርኋቸው። የማርሹን ነገር ሲሰሙ ጢማቸውን ያዙ፤ የተረዱ አልመሰለኝም፤ የቀረውን ግን ተረዱት።

"ከለመንሽው ግማሹን ሰጥቶሻል" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ግማሽ ጃንጥላ አይሸጥ፣ ልጄ። ሙሉውን አስገቢ። ከታቦት ጋር ሙግት የለም።" ቆይተው ደግሞ፣ "እኔም ልጄ ሱዳን ነው" አሉኝ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ደረሰ። ሕዝቡ የግቢውን ሣር ሸፍኖታል። ስለት ያለው ሁሉ ተሰልፏል፤ ጧፍ የያዘ፣ መጋረጃ የያዘ፣ በግ የሚጎትት። ስለት የሚቀበሉት መምህር ድምፅ ማጉያ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመዋል። አንዱን ስለተኛ ይጠይቁታል፣ ከዚያ ለሕዝቡ ያውጃሉ፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ከፊቴ የነበረችው ተስላ ልጅ ያገኘች ናት፤ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አሳየች። እልልታው ግቢውን አናወጠው። እኔም አብሬ እልል አልሁላት።

ተራዬ ደረሰ። ጃንጥላዬን ዘረጋሁት። መምህሩ ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

"የእርስዎስ፣ እናቴ?"

"ልጄ... የኮምፒውተር ማርሽ... ሥራው እንዲገባለትና ከቤቱ..."

"አይሰማም! ልጅዎ ምን ሆነ?"

"ሥራው ገባለት።"

"አሁን የት ነው ያለ?"

"ውጭ አገር።"

የጠየቁኝን መለስሁ። እሳቸውም ማጉያውን አነሡ። "እኒህ እናት፣ ልጃቸው ውጭ አገር እንዲሄድላቸው ለመልአኩ ተስለው፣ መልአኩም ሰምቷቸው፣ ይኸን ያማረ ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል! እልል በሉላቸው!"

ሕዝቡ እልል አለ። ከሕፃኑም ይልቅ ለእኔ በረታ። እናቶች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉልኝ።

የመምህሩን እጅጌ ያዝሁ። "መምህር፣ እንዲህ አይደለም የተሳልሁት። እንዳይሄድብኝ ነው።"

ማጉያውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። አዩኝ። "ግን ሄዷል?"

"ሄዷል።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"እንግዲያ እልል ይበሉ፣ እናቴ። ከኋላዎ ሰው አለ።"

እልል አልሁ። ሰው ሲደሰትልህ ዝም ማለት ነውር ነው። ድምፄ ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ጃንጥላዬን ዲያቆኑ ተቀበለኝና ከሌሎቹ ጋር አቆመው። እንባዬን ያየ ሁሉ የደስታ መሰለው፤ አንዲቷ ጉንጬን ሳመችኝ።

ከዛፍ ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ተከትላኝ መጣች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፤ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ። አጠገቤ ተንበረከከች።

"እህቴ፣ ምን ብለሽ ነው የተሳልሽ?" አለችኝ። "ቃሉን ንገሪኝ። እኔም ለልጄ ልሳል። ቤት ነው የሚውል፤ በወጣ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። መልአኩ ከዚህ ወስዶ ቢያርቅልኝ ብዬ ነው።"

ተሳስተሽ ይኸን ስለት እንዳትሳዪ ልላት አሰብሁ። ደግሞ ያ የተኩሱ ከሰዓት ፊቴ መጣ። ደግሞ ጸጥ ያለው በረንዳዬ መጣ። እሷ እጄን ይዛ ትጠብቃለች።

"ቃሉንስ ተዪው" አልኋት በመጨረሻ። "የልጅሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ። አብሬሽ ልለምን።"

ነገረችኝ። ወደ ቤተ መቅደሱ ዞረን ጎን ለጎን ቆምን። እሷ የራሷን ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ ግን ይሂድ ልበል፣ ይቅር ልበል፣ አላወቅሁም። ስሙን ብቻ ደጋገምሁ።